ክራርና የማግኔት ፒክአፕ፤ ስለ አመራረጡና ስለ አገጣጠሙ

ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር፥ በፒያሳ አካባቢ ማታ ማታ ክራር እየደረደረ የሚተዳደር አንድ ወጣት ሁለት ዕቃ ይዞ ወደ እኛ መጣ። አንደኛው ከአያቱ የወረሰው ባለ ስድስት አውታር ክራር ሲሆን በነጠላ ተጠቅልሎ ነበር፤ ሁለተኛው ለጊታር የተሠራ የማግኔት ፒክአፕ ነው። ወጣቱ ፒክአፑን በክራሩ ቆዳ ላይ በኮላ ለጥፎ፥ ሽቦውን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ፥ ቢደረድር ቢደረድር ከስፒከሩ የወጣለት እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ ብቻ ሆነ። «የሸጠልኝ ሰው የተበላሸ ዕቃ ሰጥቶኝ ነው» አለን። በቴስተር ብንለካው ፒክአፑ 6 ሺህ ኦም ያህል አሳየ፤ ይህም ለዚያ ዓይነት ዕቃ ጤነኛ ቁጥር ነው። ዕቃው አልተበላሸም፤ ነጋዴውም አላታለለም። ጉድለቱ ከአውታሮቹ ላይ ነበር። የአያቱ ክራር አውታሮች ከበግ አንጀት የተገመዱ ጅማቶች ናቸው፤ ማግኔት ደግሞ ጅማትን አያውቀውም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባላዘጋጀን ነበር። ነገር ግን ፒክአፑን ለማላቀቅ ስንሞክር ኮላው ከቆዳው ጋር ተዋሕዶ ስለ ነበር ቆዳው በጣት ርዝመት ያህል ተቀደደ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ በለብ ያለ ውኃ አርሰን መታገሥ ሲገባን ቸኮልን። ያን ቆዳ ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ በገዛ እጃቸው የወጠሩት ነበር። ወጣቱ ምንም አልተናገረም፤ ክራሩን መልሶ በነጠላው ጠቀለለው። ከዚያ ወዲህ ነው፥ ሌላው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሳይደርስበት ማወቅ የሚገባው ምን እንደ ሆነ ለመመርመር የተነሣነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ አንድ ቃል እንጨምር። በከተማችን «ፒክአፕ» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ከኋላዋ ክፍት የሆነችውን የጭነት መኪና ነው። ከሙዚቀኞች ዘንድ ግን ቃሉ የአውታርን መንቀጥቀጥ ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጠውን ትንሽ ዕቃ ያመለክታል። ለዚህች ዕቃ የተስማማንበት የአማርኛ ስም ስለሌለን እኛም ሙዚቀኞቹ እንደሚሏት ፒክአፕ እንላታለን።

ክራር ከኤሌክትሪክ ጋር መገናኘት ለምን አስፈለገው ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። የክራር ድምፅ ለአንድ ክፍል የሚበቃ ድምፅ ነው። በቀድሞው ጊዜ በአራዳ ጠጅ ቤቶች አንድ ተጫዋችና ሃያ ሠላሳ ሰሚ ሲሆኑ ይበቃ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር የአገሩን የሙዚቃ መሣሪያዎች ወደ መድረክ ካወጣቸው በኋላ ግን ክራር ለአዳራሽ የሚበቃ ድምፅ እንዲሰጥ ተጠየቀ። በ1963 እ.ኤ.አ. የግብፁ ተወላጅ ሐሊም ኤል-ዳብህ ያቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራርን፥ በገናን፥ ማሲንቆን፥ ዋሽንትንና ከበሮን አንድ ላይ ባሰለፈ ጊዜም የድምፆቹ አለመመጣጠን ራሱን የቻለ ችግር ነበር። ዛሬ ደግሞ ክራሩ የሚጫወተው ከኪቦርድና ከከበሮ ጋር ነው። በለንደን የሚገኘው ክራር ኮሌክቲቭ የተባለው ቡድን በ2012 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጵያ ሱፐር ክራር» በሚል ስም ያወጣውን ሸክላ የሰማ ሰው፥ በኤሌክትሪክ የጎላ ክራር ከሮክ ጊታር የማያንስ ጉልበት ሊያወጣ እንደሚችል ይረዳል። ማይክሮፎን ከክራሩ ፊት ማቆም ይቻላል፤ ግን የክራር ቆዳ እንደ ከበሮ ቆዳ ስለ ሆነ ከስፒከሩ የሚመጣውን ድምፅ መልሶ ይቀበላል፤ ማይክሮፎኑም መልሶ ያነሣዋል። ከዚህ የተነሣ ቤቱ በፉጨት ይሞላል። የማግኔት ፒክአፕ የሚፈለገው በይበልጥ ይህን ለመሸሽ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። በፒክአፑ ውስጥ ቋሚ ማግኔት አለ፤ በዙሪያውም ውፍረቱ 0.06 ሚሊሜትር ያህል የሆነ በቫርኒሽ የተለበጠ የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይጠመጠማል፤ በብዙዎቹ የጊታር ፒክአፖች ላይ ቁጥሩ ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ ዙር ነው። (የፒያሳ ወርቅ ሠሪዎች የብር ፈትል ሲያቀጥኑ ያየ ሰው ሽቦውን በዓይነ ሕሊናው ሊያየው ይችላል፤ ይህ ግን ከዚያም የቀጠነ፥ ከራስ ጠጉር የማይወፍር ነው።) ከማግኔቱ በላይ የተወጠረው የብረት አውታር እርሱም በመጠኑ ማግኔት ይሆናል። አውታሩ ሲመታ ይንቀጠቀጣል፤ ሲንቀጠቀጥም በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈውን የማግኔት ኃይል ያወዛውዘዋል፤ ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው እንዲህ ያለ መወዛወዝ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሣል። ጆርጅ ቢቻም ይህን ሐሳብ በ1931 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከጊታር ጋር አዋሕዶ ለሽያጭ እንዲበቃ አደረገው፤ ያም የመጀመሪያው ጊታር በጉልበት ላይ አጋድመው የሚጫወቱት የሐዋይ ዓይነት ነበር።

እንግዲህ ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። ፒክአፑ የሚሰማው አየሩን አይደለም፤ ቆዳውንም አይደለም፤ ገበቴውንም አይደለም፤ የብረቱን አውታር መወዛወዝ ብቻ ነው። የካሣ ተሰማንና የአስናቀች ወርቁን ክራር በሸክላ የሰማ ሁሉ የሚያስታውሰው ድምፅ ግማሹ የአውታር፥ ግማሹ የቆዳና የገበቴ ነው። አውታሩ ይናገራል፤ ገበቴው ይመልሳል። የማግኔት ፒክአፕ የተናጋሪውን ቃል ብቻ ወስዶ የመላሹን ይተወዋል። ይህን ሳያውቅ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው በኋላ «ጊታር መሰለብኝ» ብሎ ማማረሩ አይቀርም፤ ብዙዎችም ሲያማርሩ ሰምተናል።

ስለዚህ ከፒክአፑ በፊት የሚመረጠው አውታሩ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ትንሽ ማግኔት በክር አንጠልጥሎ ወደ እያንዳንዱ አውታር ማስጠጋት ነው። ማግኔቱ ወደ አውታሩ ቢሳብ ፒክአፑም አውታሩን ይሰማዋል፤ ባይሳብ አይሰማውም። ጅማት፥ ናይለን፥ የፈረስ ጭራ፥ ናስና ነሐስ አይሳቡም። በአረብ ብረት ላይ ኒኬል የተለበጠበት የኤሌክትሪክ ጊታር አውታር በደንብ ይሳባል። በብረት ላይ የነሐስ ሽቦ የተጠቀለለበት አውታር የሚሳበው በውስጡ ባለው ብረት ብቻ ስለ ሆነ ድምፁ ከሌሎቹ ያንሳል። በህንዱ ሲታር ላይ ያለው ችግር ይኸው ነው፤ የአረብ ብረትና የናስ ወይም የነሐስ አውታሮች በአንድ መሣሪያ ላይ ስለሚገኙ ፒክአፑ ግማሾቹን ጮክ አድርጎ ግማሾቹን ይረሳቸዋል። በክራር ላይ ሁሉም አውታሮች ከአንድ ዓይነት ብረት እንዲሆኑ ማድረግ ከባድ አይደለም፤ ማድረግም ይገባል።

አንዳንድ ሰዎች የጅማቱን አውታር አውልቆ በብረት መተካት እንደ ቀላል ነገር ይቆጥሩታል። ቀላል አይደለም። አረብ ብረት ከጅማት ስድስት እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ በአንድ ዓይነት ርዝመትና ውጥረት አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲሰጥ ከተፈለገ የብረቱ አውታር ከጅማቱ በሁለት እጥፍ ተኩል ያህል መቅጠን አለበት። ቀጭን ብረት የበርኩማውን እንጨት ይበላዋል፤ በቀንበሩ ላይ በጨርቅ ተጠምጥሞ የሚቃኘው መቃኛም አይዘውም፥ ይንሸራተታል። በዚህ ምክንያት ነው የብረት አውታር ያላቸው የዛሬ ክራሮች በቀንበራቸው ላይ የጊታር መቃኛ ቁልፍ የተተከለላቸው። ውጥረቱንም ማስላት ያሻል። ርዝመቱ 54 ሳንቲ ሜትር የሆነ 0.25 ሚሊሜትር የብረት አውታር በሴኮንድ 262 ጊዜ እንዲንቀጠቀጥ ቢቃኝ ውጥረቱ ከ3 ኪሎ ጥቂት ይበልጣል፤ ስድስቱ አውታሮች በዚህ ልክ ቢወጠሩ 20 ኪሎ ያህል ይሆናል ማለት ነው። አንድ ሰው ግን ሙሉውን የጊታር አውታር ገዝቶ በጊታር ልክ ቢወጥረው ሸክሙ ከ40 ኪሎ በላይ ይደርሳል። ለጅማት የተሠራ አሮጌ ገበቴና ቀጭን ቋሚ ይህን የሚሸከምበት ምክንያት የለም። የእኛ አስተያየት ግልጽ ነው፤ የአባት የአያት ክራር በጅማቱ ይቆይ። ፒክአፕ የሚፈልግ ሰው ለብረት የተሠራ ሌላ ክራር ያሠራ ወይም ይግዛ።

በገናንና ማሲንቆን በሚመለከት ነገሩ አጭር ነው። የማሲንቆ አውታር የፈረስ ጭራ ስለ ሆነ የማግኔት ፒክአፕ ለእርሱ ምንም አይሠራለትም፤ ጭራውን በብረት የለወጠ ሰው ማሲንቆ አለኝ ማለቱን ይተው። የበገና አሥሩ አውታሮች ጅማት ናቸው፤ ያ የሚያዛርር ድምፁ የሚመጣውም ጅማቱ በርኩማው ላይ ከተቀመጡት ትንንሽ ቁራጭ ቆዳዎች ጋር ሲነካካ ነው፤ ይህን የሚያነሣ ጥሩ ማይክሮፎን እንጂ ማግኔት አይደለም። በቆዳ ወይም በእንጨት ላይ የምትለጠፈው ፒየዞ የምትባለው ስስ ዕቃ ለሁለቱም ታገለግላለች፤ እርሷ የምትሰማው የገላውን መንቀጥቀጥ ስለ ሆነ የአውታሩ ዓይነት አያሳስባትም። ፉጨቱ ግን ከእርሷም ጋር ይመለሳል።

አሁን ወደ ፒክአፑ ምርጫ እንምጣ። ነጠላ ጥቅል ያለው ፒክአፕ ድምፁ ብሩህ ነው፤ ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ መስመር ጉርምርምታ ያነሣል። በአገራችን መብራቱ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ያ ወፍራም ጉርምርምታ ከእርሱ የሚመጣ ነው፤ ወጣቱ እንደ ንብ ያለው ድምፅ ይኸው ነበር። ሁለት ጥቅሎችን በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምጥሞ፥ የማግኔታቸውንም ዋልታ አገላብጦ አንድ ላይ ማሰር ጉርምርምታውን እርስ በርሱ ያጠፋዋል፤ የአውታሩ ድምፅ ግን ይደመራል። በጊብሰን ኩባንያ የሚሠራው ሴት ላቨር ይህን ዘዴ በ1955 እ.ኤ.አ. ለጊታር አበጀው። ቴስተር ለነጠላው 6 ሺህ፥ ለድርቡ 8 ሺህ ኦም ገደማ ያሳያል። ይህ ቁጥር ሽቦው አለመበጠሱን ይነግረናል እንጂ የድምፁን ጥራት አይነግረንም፤ «ኦሙ የበዛ ይሻላል» የሚለውን የሻጭ ቃል አንባቢው አይቀበለው።

ይህ ሁሉ በጊታር መጽሐፍ ውስጥም ይገኛል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ከክራሩ ገላ ላይ ራሱ መማር ነበረብን፤ ክራር ጊታር አይደለምና። የጊታር አውታሮች እርስ በርሳቸው ጎን ለጎን ይሄዳሉ ማለት ይቻላል፤ በዳር ባሉት ሁለት አውታሮች መካከል ያለው ስፋት ፒክአፑ ከሚቀመጥበት ዘንድ 5 ሳንቲ ሜትር ጥቂት አለፍ ቢል ነው፤ ፒክአፑም የተሠራው በዚሁ ልክ ነው። የክራር አውታሮች ግን ከበርኩማው ተነሥተው ወደ ቀንበሩ እንደ ጨረር ይበተናሉ። በለካነው ክራር ላይ በበርኩማው ዘንድ ስፋታቸው 6 ሳንቲ ሜትር፥ በቀንበሩ ዘንድ 22 ሳንቲ ሜትር ነበር። አንድ የጊታር ፒክአፕ ስድስቱንም አውታሮች ሊሰማ የሚችለው በበርኩማው ጥግ ቢቀመጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ሲል የዳርና የዳር አውታሮች ከመስሚያው ይወጣሉ። በበርኩማው ጥግ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። ከአውታሩ እስከ ቆዳው ያለው ከፍታ 2 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ፒክአፑም ከነመቀመጫው ከዚያ ያላነሰ ጥልቀት አለው። ስለዚህ ወጣቱ እንዳደረገው በቆዳው ላይ ይጫናል። ቆዳ ላይ የተጫነ ሸክም ደግሞ የክራሩን ድምፅ ያፍነዋል፤ ኮላው ምን እንደሚያደርግ ከዚህ በላይ ተናግረናል።

ቀሪው ቦታ ከገበቴው ጠርዝ በላይ፥ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ያለው ባዶ ስፍራ ነው። እዚያ ጥልቀት እንደ ልብ ነው፤ ከአውታሩ በታች ያለው አየር ብቻ ነውና። ነገር ግን የተጫዋቹ የግራ እጅ ጣቶች ከአውታሮቹ ጀርባ ሆነው የሚሠሩት በዚሁ ክፍት ቦታ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ፒክአፑ ከታችኛው ጫፍ፥ ከጠርዙ አጠገብ መሆን አለበት። ወጣቱን እጁን እንዲያሳርፍ ጠይቀን ጣቶቹ ዝቅ ብለው የሚደርሱበትን በጠመኔ ምልክት አድርገን ነበር፤ አንድ ዓይነት ቅኝት ተጫውቶ ወደ ሌላው ሲሄድ ምልክቱ በሁለት ጣት ወረደ። ከመሰርሰር በፊት አራቱንም ቅኝቶች፥ ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን አጫውቶ ማየት እንደሚገባ የተማርነው ከዚህ ነው።

ቦታው የሚወስነው እጅን ብቻ አይደለም፤ የድምፁንም መልክ ይወስናል። አውታር ሲመታ በአንድ ጊዜ በሙሉ ርዝመቱም፥ በግማሹም፥ በሲሶውም፥ በሩቡም እየተከፋፈለ ይንቀጠቀጣል፤ እነዚህ ክፍልፋዮች ናቸው ለድምፁ ቀለም የሚሰጡት። ከእነዚህ ንቅጥቅጦች አንዱ የሚረጋበት ነጥብ አለው፤ ፒክአፑ ከዚያ ነጥብ በታች ቢቀመጥ ያን ቀለም ከቶ አይሰማውም። ጊታርና ሲታር ተጫዋቹ በጣቱ እየከለከለ የአውታሩን ርዝመት ስለሚለዋውጡ ይህ ነጥብ በየጊዜው ይዘዋወራል፤ የጠፋው ቀለም በሚቀጥለው ድምፅ ይመለሳል። የክራር አውታሮች ግን ሁልጊዜ በሙሉ ርዝመታቸው የሚመቱ ናቸው። ስለዚህ በክራር ላይ የተሳሳተ ቦታ ለዘወትር የተሳሳተ ነው። በ54 ሳንቲ ሜትር አውታር ላይ ሩቡ በ13.5 ሳንቲ ሜትር፥ ሲሶው በ18 ሳንቲ ሜትር ላይ ይውላል። ፒክአፑን በእጃችን ይዘን ከበርኩማው ጀምሮ ወደ ላይ ቀስ በቀስ ስንወስደው ድምፁ መጀመሪያ ቀጭንና ስል፥ በኋላም ወፍራምና ደብዛዛ እየሆነ ሄደ፤ በ18 ላይ በተለይ ባዶ ቆርቆሮ የመምታት ያህል ጎደሎ ሆኖ ተሰማን። በመጨረሻ የወደድነው 15 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። እዚያ የሚጠፋው ሰባተኛው ክፍልፋይ ነው፤ እርሱም ከቅኝቶቻችን ድምፆች ጋር የማይገጥም ስለ ሆነ ማንም አላጣውም። ሌላ ክራር ሌላ ርዝመት ስላለው አንባቢው የእኛን ቁጥር ሳይሆን አካሄዱን ይውሰድ።

በ15 ሳንቲ ሜትር ተኩል ላይ ግን የአውታሮቹ ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ለዚህ መፍትሔ የሆነን ለጊታር ሳይሆን ለባስ ጊታር የተሠራ ፒክአፕ ነው። ፌንደር ኩባንያ በ1957 እ.ኤ.አ. ለባስ ጊታሩ ያወጣው ዓይነት ለሁለት የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ግማሽ 5 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ በባሱ ላይ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት አውታር ይሰማል። ሁለቱ ግማሾች በተቃራኒ የተጠመጠሙና ዋልታቸው የተገለባበጠ ስለ ሆነ ጉርምርምታውንም ያጠፋሉ። ጎን ለጎን ብንደረድራቸው 11 ሳንቲ ሜትር ሆኑ፤ ሦስት አውታር ለአንዱ፥ ሦስት ለሌላው ደረሰ። የማግኔቶቹ ራስ ከአውታሮቹ ጋር በትክክል አይገጥምም፤ ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ አውታር ከአንድ በላይ ራስ ስላለ የድምፁ ልዩነት ብዙ አልሆነም። አንድ አውታር ብቻ ከሁለቱ ግማሾች መጋጠሚያ ላይ ወድቆ ደከመ፤ ግማሾቹን ሁለት ሚሊሜትር ወደ ጎን ገፋ ስናደርግ ተስተካከለ።

የተሸከማቸው ከዋንዛ የተሠራ ጠፍጣፋ እንጨት ነው። የብረት ላሜራ የማግኔቱን ኃይል ስለሚስብ አይሆንም። እንጨቱ ከሁለቱ ቋሚዎች ጋር የታሰረው ከውስጡ ቆዳ በተለበጠ ማቀፊያና በብሎን ነው፤ በክራሩ ገላ ላይ ትራፓኖ አልነካም፤ ብሎኑ ሲፈታ ሁሉም ነገር ይወርዳል። ፒክአፖቹ ደግሞ በሞላ ላይ ተቀምጠዋል፤ ብሎናቸው ሲጠብቅ ዝቅ፥ ሲላላ ከፍ ይላሉ። ከአውታሩ በ4 ሚሊሜትር ርቀት ጀመርን። ቢቀርብ ድምፁ ይጎላል፤ ሆኖም የክራር አውታር ውጥረቱ ላላ ያለ ስለ ሆነ ማግኔቱ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ አንድ አውታር ሁለት ድምፅ የሚሰጥ፥ ቅኝቱም የሚሞገት ይመስላል። ይህ የታየበት ሰው ክራሩን ከመውቀስ በፊት ፒክአፑን ዝቅ ያድርግ።

ሽቦውን ሬዲዮ ጠጋኞች እንደሚያደርጉት በቀለጠ እርሳስ መበየድ ነው። ሁለቱን ግማሾች ስናያይዝ በመጀመሪያ ጊዜ ጉርምርምታው አልጠፋም ነበር፤ ከአንዱ ግማሽ የሚወጡትን ሁለት ሽቦዎች ብናለዋውጣቸው ወዲያው ዝም አለ። የድምፅ መቆጣጠሪያው 250 ሺህ ኦም ይበቃዋል። ገመዱ ከ5 ወይም ከ6 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ በረዘመ ቍጥር የድምፁ ብርሃን ይቀንሳል።

በዚህ ላይ በጥብቅ የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። የብረት አውታሮች ጉርምርምታን ለመከላከል በቀጭን ሽቦ ከጃኩ ውጫዊ ክፍል ጋር ይያያዛሉ፤ ይህም ማለት ተጫዋቹ በጣቱ የድምፅ ማጉያውን ገላ እንደ ነካ ይቆጠራል። ማጉያው ከመሬት ጋር የተገናኘ ባለ ሦስት እግር ሶኬት ከሌለው፥ በውስጡም ብልሽት ቢኖር፥ ከንፈሩን ወደ ማይክሮፎን ባስጠጋ ጊዜ 220 ቮልት በእጁና በአፉ መካከል ሊያልፍ ይችላል። በብዙ ምሽት ቤቶች ሦስተኛው እግር ተቆርጦ ወይም መሬቱ ሳይዘረጋ እናገኛለን። ተጫዋቹ ከመቀመጡ በፊት በቴስተር በአውታሩና በማይክሮፎኑ ወንፊት መካከል ያለውን ቮልት ይለካ፤ ጥቂት ቮልት እንኳ ቢያሳይ አይጫወት። ዘፈን የሚዘገይ ከሆነ ይዘግይ።

ይህን ሥራ የጨረስነው በግንቦት ነው። ሐምሌ ሲገባ ወጣቱ ተመልሶ «ድምፁ ይንጫጫል፤ አውታሩ ይነካዋል» አለን። ብንመለከተው ፒክአፑ ካለበት አልተነቃነቀም፤ የወረደው በርኩማው ነው። የክራር በርኩማ የሚያርፈው በቆዳ ላይ ስለ ሆነ ክረምቱ እርጥበት ሲያጠግበው ቆዳው ይላላል፤ በርኩማውም ከነአውታሮቹ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ወርዶ ነበር። ፒክአፑን በእንጨት ላይ የሚያስር ጊታር ሠሪ ይህን አያውቀውም፤ የጊታር ገላ በሐምሌና በጥር መካከል እንዲህ አይወርድም አይወጣም። ሞላውን ጠበቅ አድርገን ፒክአፑን ዝቅ አደረግነው። በጥቅምት ቆዳው ሲደርቅ መልሰን ከፍ አደረግነው።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ብዙው ክፍል ለኮሪደር ልማት በተነሣ ጊዜ ዕቃ የምንገዛባቸው ሱቆችና የሬዲዮ ጠጋኞች በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ የባስ ፒክአፑን ያገኘነው ከአንድ የተሰበረ ጊታር ላይ ነው። ዋንዛውን የጠረበልን አናጺ ገንዘብ አልተቀበለም፤ ማታ ክራሩን ሊሰማ ጋብዙኝ አለ እንጂ።

የአያቱን ክራር በተመለከተ፥ በጥቅምት አዲስ የፍየል ቆዳ ተወጥሮለታል፤ ጅማቶቹ እነዚያው ናቸው። ከቀድሞው ቆዳ ላይ የቀረውን ቁራጭ ወጣቱ ጣሉት አላለንም፤ ከገበቴው ውስጥ አጣጥፎ አስቀመጠው። ያን ክራር ወደ ሥራ አይወስደውም። ቤት ውስጥ በደረደረልን ጊዜ አንድ ትንሽ ማይክሮፎን ከፊቱ አቁመን ቀድተነዋል፤ በቀረጻው ላይ አውታሩም፥ ቆዳውም፥ ከውጭ የሚያልፈው ታክሲም ይሰማል።